ሲያፍኑት የሚሻለው ሞተር

እትዬ ሻሚ አባታቸውን አያስታውሱም። ቢሆንም መቱ ውስጥ ስለ ሙነወር እንደሳቸው አድርጎ የሚያወራ ሰው አላገኘሁም። ግማሹን ከእናታቸው ከሀጀራ፣ ግማሹን ከጎረቤታቸው ከሰቦቃ ሰምተው ነው ያደጉት። ሁለቱ ደግሞ አንዱኑ ቀን ሲያወሩት አንድ አይሆንም ነበር። በሀጀራ አፍ የሙነወር መኪና ክፉ ጣውንት ናት፤ በሰቦቃ አፍ የሞተች ዘመድ ናት። እትዬ ሻሚ አባታቸውን «እሱ» እያሉ ነው የሚጠሩት። «በሞተበት ዕድሜ ዛሬ ልጄን አያክልም፤ አንቱ ብዬ ብጠራው ያፍርብኛል» ይላሉ። እኔም እንደሳቸው እላለሁ።

ሙነወር የቡሬ ልጅ ነው። አባቱ ጨውና አቡጀዲ ይሸጥ ነበር፤ ልጁ ግን ሱቅ መቀመጥ አልሆንለት አለ። ገዢ ቆሞ እየጠራው እሱ የበሩ ማጠፊያ ሲጢጥ ያዳምጣል። ሲጎረምስ ቡና በበቅሎ እየጫነ ጎሬ መመላለስ ጀመረ። እዚያ ሙሴ ኮስታ የሚባል የግሪክ ቡና ነጋዴ አንዲት አሮጌ የጭነት መኪና ነበረችው። ሙነወር በቅሎዎቹን አራግፎ መኪናዋ አጠገብ ተገትሮ ሲውል ያየው ሙሴ ኮስታ መጀመሪያ አጣቢ፣ ቀጥሎ ረዳት፣ በመጨረሻ ሾፌር አደረገው። ጣሊያን እየመጣ ነው በተባለ ጊዜ ግሪኩ በጋምቤላ በኩል በጀልባ ሊወጣ ተሰናዳ። የሄደ ዕለት ሞተሩ የሚቀሰቀስበትን ጠማማ ብረት፣ ማኒቬላውን፣ ለሙነወር አስያዘው። «እነሱ ከሚወስዷት አንተ ውሰዳት» አለው ይባላል።

ሙነወር በቅሎዎቹን ሸጠ። ሀጀራን ከሁሩሙ አግብቶ መቱ ገባ። ገና ጥቂት እንደነዳት ጣሊያን ጎሬ ደረሰ፤ እሱም መኪናዋን ከጓሮ ዳስ ሥር አስገብቶ በእንሰት ቅጠልና በቡና ገለፈት ሸፈናት። ሻሚ የተወለዱት መኪናዋ እንደዚያ ተኝታ ሳለች ነው።

በኋላ አዋጅ መጣ። መኪና ያለው ሁሉ ጎሬ አምጥቶ ያስመርምር ተባለ። በራሷ እየሄደች የመጣችና ደህና የሆነች መኪና ባለቤቷ ፈቃድ ተቀብሎ ቡና ይጭንባታል፤ የማትሠራ ግን ለመንግሥት ትሆናለች። የደበቀ ይታሰራል። እነሙነወር ደግሞ ሌላ ምንም የላቸውም፤ ሱቅ የለ፣ የቡና መሬት የለ፣ በቅሎዎቹም ተሸጠዋል። ያቺን መኪና አስነስቶ ጎሬ ካላደረሰ ቤቱ ፈረሰ ማለት ነው።

ገለፈቱን ጠረጉ፣ ታንኩን ሞሉ። ሰቦቃ ማኒቬላውን አዞረ። ጎረቤቱ ሰቦቃ እርሻ እንጂ መኪና አያውቅም፤ ክንዱ ግን እንደ በሬ ነው። ሞተሩ ተነሳ፤ ሁሉም እልል ሊሉ ሲሉ ግን ማሳል ጀመረ። ድግ ድግ ድግ ይልና ቁ! እንደገና ድግ ድግ፣ ቁ!

«ሳል ይዞታል» አለ ሰቦቃ። «ጤና አዳም ብናሸተውስ?»

«ዝም በል፤ ልስማው።»

«እኔ ዝም ብል እሱ ዝም አይል።»

የመኪና ሕመም እንደ ለቅሶ ቤት ሰው ይሰበስባል። ጓሮው ሞላ። ቡዳ በልቷት ነው ያለም ነበረ፤ ተኝታ ከርማ ደሟ ረግቶ ነው ያለም ነበረ። አንድ ሽማግሌ በኦሮምኛ «ማል ታቴ?»፣ ምን ሆነች፣ ብለው በትራቸውን ጎማው ላይ መታ መታ አደረጉና፣ እግሯ ደህና መሆኑን አይተው ሄዱ።

ሙነወር እንደተማረው አደረገ። ሞተሩ አራት ቤት አለው፤ በያንዳንዱ አናት ላይ እሳት የምትጭር ካንዴላ ተተክላለች። እጀታው እንጨት የሆነ ካቻቪቴ ይዞ የአንዷን ካንዴላ ጫፍ ከሞተሩ ብረት ጋር ያገናኛል። ያኔ የዚያች ቤት እሳት ይቋረጣል። ሞተሩ ይበልጥ ከተንገዳገደ ያቺ ቤት ስትሠራ ነበረች ማለት ነው። ምንም ካልተለወጠ ድሮም የሞተችው እሷ ናት። አንደኛዋን ነካ፣ ሞተሩ ተንገዳገደ። ሁለተኛዋን፣ ተንገዳገደ። ሦስተኛዋን ሲነካ ሞተሩ እንደነበረው ቀጠለ።

«አገኘሁህ» አለ።

ፈታት፣ በቢላ ጫፍ ፋቃት፣ ክፍተቷን በጥፍሩ ለካ፣ መለሳት። ሰቦቃ አዞረ። ሞተሩ ሳለ። ሙነወር ደግሞ ሲፈትን ሦስተኛዋ ደህና ናት፤ አሁን የሞተችው አራተኛዋ ናት። አራተኛዋን ሲፍቅ ሁለተኛዋ ሞተች።

«ሕመሙ እንግዳ ነው፤ አንድ ቤት አያድርም» አለ ሰቦቃ።

ሙነወር ግን አልሳቀም። አንካሳ በቅሎ ሁልጊዜ በአንድ እግሯ ነው የምታነክሰው። እግር እየቀያየረች የምታነክስ ከሆነ ችግሩ ከእግሯ አይደለም፤ ሆዷን መመርመር ነው። ሁሉም ቤቶች የሚጋሩት ሁለት ነገር ነው፤ እሳትና ቤንዚን። ከእሳቱ ጀመረ። እሳቱን የሚያመነጨውን ማግኔቶ ከፍቶ መነካኪያዎቹን በሸሚዙ ኮሌታ ጠረገ። ሽቦዎቹን አንድ ባንድ እያነሳ ሲያይ አንዱ ክንዱን ነዘረውና ካቻቪቴው ከገለፈቱ ክምር ውስጥ ገባ። ጓሮው በሳቅ ተናወጠ።

«ይኸው፣ እሳቱስ አለ» አለ ሰቦቃ። «በአንተ አረጋገጥን።»

ሀጀራ ከበሩ ላይ ሻሚን አዝላ ትመለከታለች። ባሏን በአክብሮት አንቱ ነው የምትለው፤ አንተ የምትለው ስትቆጣ ብቻ ነው።

«የሻሚ አባት፣ ገብተው አፍዎ ላይ የሆነ ነገር ቢያደርጉስ?»

«ይደርሳል።»

«እኔ ያስቀመጥኩልዎት ቤንዚን ባይኖር ኖሮ ይኸንንም ሳል አንሰማውም ነበር» አለች፤ ኩራቷ ከድምፅዋ ይሰማል።

በማግስቱ ሰው ሲሰለች ሙነወር ብቻውን ከሰቦቃ ጋር ቀረ። አሁን የሚያዳምጠው አሳሳሉን ነው። ቀስ ብሎ ሲሠራ ሞተሩ ደህና ነው። ነዳጅ ሲሰጠው ግን በጭስ ማውጫው ሳይሆን ቤንዚንና አየር በሚቀላቅለው በካርቡራተሩ አፍ በኩል ወደ ላይ ያስነጥሳል። ሙነወር መዳፉን አምጥቶ አየር የሚገባበትን አፍ በግማሽ ከደነው። ሌላ ሞተር ቢሆን ታፍኖ ይጠፋል። ይኼኛው ተስተካከለ፤ ድግድግታው እንደ ድሮው ሆነ። እጁን ሲያነሳ ሞተሩ ሳለ፤ ሲያፍነው ዳነ።

«ምን ዓይነት ፍጡር ነው፣ ሲያንቁት የሚሻለው?» አለ ሰቦቃ።

«የተራበ» አለ ሙነወር። «አየሩን ስቀንስበት ያቺ የምትደርሰው ትንሽ ቤንዚን ትበቃዋለች። እሳቱ ደህና ነው። ቤንዚኑ ነው የማይደርሰው።»

ካርቡራተሩን ፈታ። ቤንዚን የሚያልፍባት፣ ቀዳዳዋ ከመርፌ የማይሰፋ የናስ ብሎን አለች፤ አወጣትና ወደ ብርሃን ዘረጋት። በቀዳዳዋ ብርሃን አይታይም። ቢጫ ነገር ደፍኗታል። በጣቶቹ ሲያሸው እንደ ቅባት ለሰለሰ። አሸተተው። ከዚያ የቤንዚን ማጠራቀሚያዋን ጽዋ ዘንበል አድርጎ ሲያይ፣ ከሥሯ ከቤንዚኑ ጋር ያልተቀላቀለች ቡናማ ጠብታ ትንከባለላለች። ጣቱን ነክሮ ቀመሳት፣ ተፋ፤ እንደገና ቀመሳት።

ሰቦቃ ፊቱን አይቶ «ምንድን ነው?» አለው።

«ማር ነው።»

እዚህ ላይ እትዬ ሻሚ ወደ ኋላ ይመለሳሉ። ነገሩ እንዲህ ነው። የቤንዚን ቆርቆሮ በኢሉባቦር የተወደደ የማር ዕቃ ነበር፤ አይቀደድም፣ አያፈስም፣ በበቅሎ ለመጫን ይመቻል። የሀጀራ አባት ሁሩሙ ላይ ማር ሲቆርጡ ለልጃቸው ከነሰፈፉ፣ ከነሰሙ ማለት ነው፣ በእንደዚያ ያለ ቆርቆሮ ይልኩ ነበር። ጣሊያን ገብቶ ቤንዚን የተገኘበት ለሽፍታ ያቀብላል ተብሎ ይታሰራል የተባለ ጊዜ ሙነወር ቡሬ አባቱን ሊቀብር ሄዶ ነበር። ሀጀራ ነፍሰ ጡር ነበረች። ፍተሻው መንደሩ ሲደርስ የታንኩን ቤንዚን ቀዳች፤ ማሩን ወደ ገንቦ ገለበጠች፣ ቆርቆሮዎቹን በእንሰት ቅጠል ጠራረገች፣ ቤንዚኑን ሞላችባቸው፣ አፋቸውን በሰፈፍ ደፈነችና ጓዳ ደረደረቻቸው። ፈታሾቹ ማር መስሏቸው አለፉ። ሙነወር ሲመለስ መንደሩ በሙሉ የሚያወራው ይህንኑ ነበር። ሰቦቃ እንኳ «ይቺ ሴት ጎሬ ብትቀመጥ ጣሊያን ጋምቤላም አይደርስ» ይል ነበር።

ማርን መጥረግ ይቻላል። ሰም ግን ከቆርቆሮ ጥግ አይለቅም፤ ቤንዚን ደግሞ ሰምን ያሟሟል። በዚያ ላይ የደፈነችው በሰፈፍ ነው።

«በል ንገራትና ሌላ መላ እንፈልግ» አለ ሰቦቃ።

ሙነወር ብሎኗን በሸሚዙ ጠረገ።

«ሰምተኸኛል?»

«አልነግራትም። አንተም አትነግራትም። በማርያምህ በል።»

«ኧረ ለምኑ ብዬ?»

«በዚህ ቤት ውስጥ ደህና ሠራሁ ብላ የምታውቀው አንድ ነገር ነው፤ ቤቱን ያዳነችው እሷ መሆኗን። እኔ ደርሼ ቤቱን ያፈረስሽው አንቺ ነሽ ልበላት? በል ማል።»

ሰቦቃ ማለ። በኋላ ዕድሜውን ሙሉ እንዳፈረበት እትዬ ሻሚ ያውቃሉ።

ሌላ ቤንዚን የለም፤ ያለው ጎሬ በወታደሩ በርሜል ብቻ ነው። ሙነወር ጥምጣሙን ፈትቶ ቤንዚኑን አጠለለው። አብዛኛው ማር ጨርቁ ላይ ቀረ፤ የሟሟው ሰም ግን ቤንዚን መስሎ አለፈ። ካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚኑ ከአየር ጋር ሲረጭ ይቀዘቅዛል፤ ሰሙም እዚያው ይረጋል። ብሎኗን ሲነፋት ሞተሩ ይድናል፤ ጥቂት ሠርቶ ይስላል። ጎሬ ድረስ እንዲህ እየነፋ ሊሄድ ቆረጠ። ጎሬ ላይ ቢጠይቁት፣ ታንኩ ውስጥ ያለው ቤንዚን ከድሮ የተረፈ ነው ሊል ከሰቦቃ ጋር ተማከሩ።

«እኔም እሄዳለሁ» አለች ሀጀራ። «ፈቃዱን ሲሰጡዎት ማየት አለብኝ።»

እምቢ ቢል ለምን ትለዋለች። ሻሚን ለሰቦቃ ሚስት ለተጂቱ ሰጥታ ወጣች፤ ሦስቱ ፊት ተጣበው ተቀመጡ።

ዝናቡ አባርቷል፤ መንገዱ ግን ጭቃ ነው። ሞተሩ ባስነጠሰ ቁጥር ሙነወር ይቆማል። «ውሃ ጠምቷታል፤ ከዚያ ከጅረቱ ቅጂ» ይላታል። እሷ ቅሏን ይዛ ወደ ጫካው ስትወርድ እሱ ቶሎ ብሎ ብሎኗን ይፈታል፣ በአፉ ይነፋታል፣ ይመልሳታል። እሷ ስትመጣ ውሃውን ይጨምራል፤ ሞልቶ ይፈስሳል። እንደገና ትንሽ ይሄዳሉ፣ እንደገና ይቆማሉ።

«ይቺ መኪና እርጉዝ ናት እንዴ? እኔ ሻሚን ሳረግዝም እንዲህ አልጠማኝ» አለች ሀጀራ። ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ርሷል።

ሰቦቃ ወደ ጫካው ዞረና ሳለ፣ የሞተር ሳይሆን የእውነት ሳል።

የጎሬ ዳገት ሲጀምር መቆሙ በዛ። አንድ ጊዜ ሀጀራ ቅሏን ይዛ ሳትሄድ ቆመች።

«ውሃው ሞልቷል። ሲፈስስ አይቻለሁ። ምንድን ነው የሚደብቁኝ?»

«ካንዴላ ናት።»

«ካንዴላ ምንድን ናት?»

«ሻማ እንደማለት ናት። እሳት የምትሰጥ። አርጅታለች።»

«ታዲያ እንዲህ አይሉኝም? ሳታረጅ የምትቀር ነገር አለች እንዴ» አለችና ሄደች፤ አመነችው።

ጎሬ ደረሱ። ሜዳው ላይ መኪና የተባለ ሁሉ ተሰልፏል፤ አብዛኛው በበሬ ተጎትቶ የመጣ ነው። የነሙነወር ግን በራሷ ገባች። ሙነወር ከመድረሱ በፊት ብሎኗን ነፍቶ ነበርና ሞተሩ እንደ ድመት ያንኮራፋል። ሀጀራ ሻሿን አስተካከለች። ሰቦቃ «አለቀልን እኮ» ብሎ ጭኑን መታ። ሙነወር ብቻ እጁን ከመሪው አላነሳም።

የጣሊያኑ መቶ አለቃ መኪናዋን ዞሮ አያት። ጎማውን በጫማው ነካ፤ በአስተርጓሚው በዲንቃ በኩል ተናገረ።

«እስከ ባንዲራው ዳገት ውጣና ተመለስ ይላል። ፈጠን ብለህ።»

ሙነወር ወጣ። ግማሹ ላይ ነዳጅ ሲሰጠው አስነጠሰ። እግሩን አነሳ፤ እንደገና ሰጠው። ቁ! ቁ! አለና ጠፋ። መኪናዋ በዳገቱ ወደ ኋላ ተንሸራትታ መሐል ሜዳ ላይ ቆመች።

ክንዱ ድረስ ቅባት የሆነ የጣሊያን መካኒክ መጥቶ መክደኛውን ከፈተ። ሙነወር ሊከለክለው እጁን ዘረጋ፤ ምን ብሎ ይከለክለዋል? ሰውየው ነገሩን የሚያውቅ ነው፤ በቀጥታ ብሎኗን ፈታ። አየ፣ አሸተተ፣ በምላሱ ነካ። ከዚያ ከት ብሎ ሳቀና ለመቶ አለቃው አሳየው። «ሚዬሌ!»

ዲንቃ ቃሉን ለማረጋገጥ መልሶ ጠየቀ፤ ከዚያ እሱም ፈገግ አለና ለተሰበሰበው ሰው በኦሮምኛ ጮኸ፦ «ዳማ! ሞተሩ ዳማ ጠጥቶ ነው!»

ሜዳው በሙሉ ሳቀ። ሀጀራም ከሰው ጋር ሳቅ ጀምራ ነበር። ዳማ የሚለው ቃል ጆሮዋ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው ማር መሆኑ፣ የትኛው ማር መሆኑ የደረሳት።

መቶ አለቃው ግን መሳቁን ትቷል። ዲንቃም ሲያስተረጉም ድምፁ ተለወጠ። «በመንግሥት በርሜል ማር የለም ይላል። ከድሮ ታንክ ውስጥ የተረፈ ቢሆን ማር ከየት ይገባል ይላል። ይህ ቤንዚን በማር ዕቃ ተደብቆ የቆየ ነው። ማን ነው የደበቀው?»

ሀጀራ አንድ እርምጃ ወጣች። ሙነወር ቀደማት።

«እኔ ነኝ። ቆርቆሮውም የኔ፣ ማሩም የኔ ነው። ሚስቴ ስለ መኪና ምንም አታውቅም፤ ካንዴላ እንኳ ምን እንደሆነ ዛሬ ነው የጠየቀችኝ።»

«የሻሚ አባት» አለች ሀጀራ። «አንተ ታውቅ ነበር?»

ሙነወር ጀርባውን ሰጣት። እጁን ወደ ኋላ ሲያስሩት መኪናዋን እንጂ እሷን አላየም፤ ቢያያት እኔ ነኝ ብላ ትናገራለች ብሎ ይሆናል። ይህን የሚገምቱት እትዬ ሻሚ ናቸው፤ እናታቸው ግን ስለዚያ ሰዓት ስታወራ «ጀርባውን ነው የማውቀው» ከማለት በቀር አትገምትም ነበር።

ሀጀራና ሰቦቃ በእግራቸው ተመለሱ። ዳገቱን ወረዱ። ኋላ ጭቃው ላይ የራሳቸው የጎማ ፈለግ ሲታይ ሀጀራ ቆመች።

«አንተም ታውቅ ነበር።»

«አስምሎኝ ነው፣ እህቴ። እንዳትሸማቀቂ ብሎ። አንድ ደህና የሠራችውን ነገር ላፍርስባት ወይ ብሎኝ ነው።»

«እንዳልሸማቀቅ» አለች። «ይኸው እዚህ መንገድ ላይ፣ ውሃ ቅጂ እያለ ወደ ጫካ ሲሰደኝ፣ አንዴ ነገሩ እንዲህ ነው ቢለኝ። ያችን ብሎን ወንዝ ውስጥ ወርውሩ እላችሁ ነበር። ቤንዚኑን ደፍታችሁ ባዶ መኪና በበሬ አስጎትታችሁ ስጧቸው እላችሁ ነበር። መኪናዋን ይወስዳሉ። እሱን ምን ብለው ይወስዱታል?»

ሰቦቃም ሙነወርም አስበውት የማያውቁት ነገር ነው። እነሱ መኪናዋን ስለማዳን ብቻ ነበር የተማከሩት።

«መኪናዋ እኮ ቤታችሁ ናት ብለን…»

«ቤቱን ያዳንሽው አንቺ ነሽ አላችሁኝ፣ ስትመክሩ ግን እኔን አልጠራችሁም» አለችው፤ ከዚያ ወዲያ መቱ እስኪደርሱ ፊት ፊት ሄደች።

ሙነወር ከቡሬ ወደ ቆላው በሚወርደው መንገድ ድንጋይ ከሚፈልጡት እስረኞች ጋር ተጨመረ። ሀጀራ ሻሚን አዝላ ስንቅ ይዛ ሁለቴ ሄዳለች፤ ሁለቴም ወደ ታች ወርዷል ብለው መልሰዋታል። ጣሊያን ሲወጣ የተለቀቁ ሰዎች በመቱ ሲያልፉ በር ላይ ቆማ እያንዳንዱን ጠየቀች። አንዱ ብቻ ያውቀው ነበር። ንዳድ ይዞት እንደነበረ፣ መንገዱ ዳር ከሌሎች ጋር እንደተቀበረ ነገራት።

«የት ላይ?» አለችው።

ሰውየው ወደ ምዕራብ አሳየና፣ መንገዱ በኋላ ሰፍቷል፤ አሁን ቦታው ከመንገዱ ሥር ሳይሆን አይቀርም አላት።